መጀመሩን ነገራችሁን፤ ማቆሙንስ ማን ይንገረን?

«ይኼ እኮ የእብድ መድኃኒት ነው!»

ይህቺን ቃል የተናገረችው ጎረቤታችን ክፋት የለባትም። ቡና ልትጠጣ መጥታ፣ ከረከቦቱ አጠገብ የተቀመጠውን የእናቴን የመድኃኒት ፌስታል አየት አደረገችና ስሙን ፊደል በፊደል አነበበችው። የእህቷ ልጅ አማኑኤል ሆስፒታል ሲመላለስ ይኸንኑ ይውጥ ስለነበር ወዲያው አወቀችው። «እንዴ! አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት። እናቴ ምንም አልመለሰችም። ቡናው በረካው ተጠጥቶ ጎረቤት ሲበተን ግን ፌስታሉን አንስታ ከነክኒኑ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። በቃ! ሁለት ዓመት ሙሉ በየማታው ስትውጠው የኖረችውን መድኃኒት በአንድ ከሰዓት በኋላ ተሰናበተችው።

ነገሩ ወዲህ ነው። እናቴ የስኳር በሽተኛ ናት። ስኳር ከሰው ጋር ብዙ ዓመት ሲኖር የእግር ነርቮችን ይጎዳል። ቀን ቀን ደህና ውላ ሌሊት ሲሆን መርገጫዋ ሚጥሚጣ እንደተነሰነሰበት ይለበልባታል። አንሶላ እንኳ ሲነካት ትጮህ ነበር። ተራው ማስታገሻ ሁሉ አልበግር ሲላት አንድ ሐኪም አሚትሪፕቲሊን የሚባል ክኒን አዘዘላት። መጀመሪያ 25 ሚሊግራም፣ ኋላ 50። እውነት ለመናገር ሠራላት። ከስንት ዘመን በኋላ ሌሊቱን የተኛችው ያኔ ነው። ያንን ሐኪም ለዚህ እናመሰግናለን።

ነገር ግን ሐኪሙ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ፣ ለምን ለእሷ እንደታዘዘ፣ እስከ መቼ እንደሚወሰድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዴት እንደሚቆም አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ፋርማሲውም ፓኮው ላይ በእስክሪብቶ «ማታ 2» ብሎ ጻፈና ሸኛት። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ማሳደስ፣ መግዛት፣ መዋጥ። እናቴ የምትውጠውን የምታውቀው በቀለሙ ብቻ ነበር።

ከጣለችው በሦስተኛው ቀን ቤታችን ታመሰ። ያቅለሸልሻታል፤ ላብ ያጠምቃታል፤ ስትነሳ ይዞራታል። ሌሊት ዓይኗ አይከደንም፤ ሸለብ ካደረጋትም በቅዠት ትባንናለች። በሕይወቷ ተቆጥታ የማታውቅ ሴት በትንሹም በትልቁም ትነጫነጭ ጀመር። ስኳሯ ወርዶ ይሆናል ብለን ለካን፤ ደህና ነው። ክሊኒክ ወሰድናት፤ ደም ተሰጠ፤ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባለ። (መቼም አዲስ አበባ ላይ ከሁለቱ አንዱ ሳይገኝበት ከክሊኒክ የሚወጣ ሰው ብርቅ ነው!) የታይፎይዱን መድኃኒት ብትውጥ ባሰባት። ዘመድ ተሰብስቦ «ዓይን ነው፣ ጠበል ትግባ» አለ። እኔም ልጅዋ፣ ጋዜጣ ላይ ስለ ሰው ቤት ችግር የምለፈልፈው ሰው፣ ምን እንደነካት አላወቅሁም።

ያወቀችው አንዲት ልጅ እግር ፋርማሲስት ናት። ለማቅለሽለሽ የሚሆን ነገር ልገዛ እናቴን ደግፌ ገባሁ። ልጅቷ ሒሳብ ከመቀበሏ በፊት እናቴን አየቻትና፣ «እማማ፣ ሰሞኑን ያቆሙት መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀቻት። አንዲት ጥያቄ! ክሊኒኩ ደም ቀድቶ፣ ገንዘብ ተቀብሎ፣ ያልጠየቃት ጥያቄ!

እስቲ ስሙን እናጥራ

ለመሆኑ ይህ መድኃኒት ምንድነው? አሚትሪፕቲሊን እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ለመንፈስ ጭንቀት፣ ዛሬ ድባቴ ለምንለው ሕመም ነበር። ጎረቤታችን በዚህ አልተሳሳተችም። ውሎ አድሮ ግን ሐኪሞች የነርቭ ሕመምንም እንደሚያስታግስ ተረዱ። አንጎል ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚልካቸውና የሕመምን መልእክት የሚገቱ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። መድኃኒቱ እነዚህ በቶሎ እንዳይመጠጡ ያደርጋል። ሬዲዮኑን አያጠፋውም፤ ድምፁን ግን ዝቅ ያደርገዋል።

ስለዚህ አሚትሪፕቲሊን እግሩ ለሚቃጠል የስኳር በሽተኛ፣ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶበት ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሕመሙ ለቀረበት፣ ማይግሬን ለሚመላለስበት ሰው ይታዘዛል። ለሕመም የሚሰጠው መጠንም አብዛኛውን ጊዜ ማታ ማታ ከ10 እስከ 75 ሚሊግራም ሲሆን፣ ለድባቴ ግን እስከ 150 ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ይህ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው «ሕመምህ የጭንቅላት ፈጠራ ነው» አልተባለም። የእግሩ ሕመም እውነተኛ ነው። ደግሞስ ለድባቴ ወይም ለሌላ የአእምሮ ሕመም የሚውጠውስ ቢሆን እብድ ተብሎ የሚሰደበው በምን ዕዳው ነው? የጨጓራ መድኃኒት የሚውጠውን የምንሰድብበት ቃል አለን እንዴ?

ሌላው የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት ዱሎክሴቲን ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2004 እ.ኤ.አ. ለድባቴ፣ በዚያው ዓመትም ለስኳር የነርቭ ሕመም ተፈቀደ። እኛ ዘንድ ይኼኛው ከዋሽንግተንም ከዳላስም በዘመድ ሻንጣ ይመጣል። ዘመድ ሲመጣ ይዋጣል፤ ዘመድ ሲቀር ይቆማል። እዚህ ላይ ነው ጣጣው!

ልብ በሉ፤ መድኃኒቱን ማቆም መፈለግ ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኮክሬን የተባለው የጥናት መርማሪዎች ማኅበር 176 ጥናቶችንና ወደ 29 ሺህ የሚጠጉ ሕመምተኞችን መርምሮ፣ ለረጅም ጊዜ ሕመም ጠንከር ያለ ማስረጃ የተገኘለት ዱሎክሴቲን መሆኑን አስታውቋል። ለአሚትሪፕቲሊን የተገኘው ማስረጃ ደካማ ነው አለ። ይህ ማለት ማንንም አይረዳም ማለት አይደለም፤ እናቴን ረድቷታል። ግን ያልረዳው ሰው ዕድሜ ልኩን ይዋጠው የሚል ሕግ የለም። ጎንዮሽ ጉዳቱም ቀላል አይደለም። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይከለክላል፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ደግሞ ያደነዝዛል፣ ይጥላል። እናቴም ሌሊት ወደ መጸዳጃ ስትሄድ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። የማቆም ምክንያት ነበራት። ያጣችው የማቆሚያውን መንገድ ነው።

«ሱስ ሆኖባት ነው» ላላችሁ

ይህንንም ሰምተናል። አይደለም። ሱስ የያዘው ሰው ልቡ ያምረዋል፣ መጠኑን ይጨምራል፣ ፍለጋ ይዞራል። እናቴ ክኒኑ አላማራትም፤ ጭራሽ ጠልታው ነው የጣለችው። የሆነው ሌላ ነው። ሰውነት መድኃኒቱ በየማታው እንደሚመጣ ለምዶ ራሱን በዚያው ልክ አስተካክሏል። የቆመች ታክሲ የሚገፋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ሲገፋ ታክሲዋ ድንገት ብትነሳበት በግንባሩ ይደፋል። ሰውየው ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ የተደገፈው ነገር ሳይነገረው ስለሄደበት ነው።

ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፤ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት፣ ድንጋጤ፣ መነጫነጭ። አንዳንዱ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ የነዘረው ያህል ብልጭ ይልበታል። ብዙውን ጊዜ ካቆሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጀምርና በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይበርዳል፤ አንዳንዱን ግን ወራት ያሰቃያል።

ማጋነን ደግሞ አያስፈልግም። ላንሴት ሳይካትሪ በተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2024 የጀርመን ተመራማሪዎች 79 ጥናቶችን ደምረው አውጥተዋል። እነዚህን መድኃኒቶች ካቆሙት ውስጥ 31 ከመቶ ያህሉ ምልክት ታይቶባቸዋል። ይሁንና መድኃኒት መስሏቸው ባዶ ክኒን ሲውጡ ቆይተው ካቆሙትም 17 ከመቶ ያህሉ ተመሳሳይ ነገር ተሰምቷቸዋል። ልዩነቱ ሲሰላ በእርግጥ መድኃኒቱን በማቆሙ የሚታመመው ከስድስት ወይም ከሰባት ሰው አንዱ ነው። ክፉኛ የሚታመመው ከ35 ሰው አንዱ ነው። ስለዚህ ብዙው ሰው ያለ ችግር ያቆማል። ያ አንዱ ሰው ግን የማን እናት እንደምትሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

መድኃኒቶቹም እኩል አይደሉም። ፍሉኦክሴቲን ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ሲያቆሙት ይሻላል። ቬንላፋክሲንና ፓሮክሴቲን ግን ቶሎ ስለሚወጡ ያስቸግራሉ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል

አባቶቻችን ይህን ሲተርቱ ስለ ክኒን አላሰቡም ይሆናል፤ ነገር ግን ከዚህ የተሻለ የሐኪም ምክር አላገኘሁም። እንግሊዞች ናይስ የሚባል የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም አላቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ መድኃኒቱ ገና ሲታዘዝ ስለ ማቆሙ ጭምር ከሕመምተኛው ጋር ተነጋገሩ ይላል። ሲቀነስም በአንዴ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ፣ ያውም መጠኑ ባነሰ ቁጥር የሚቀነሰውም እያነሰ ይሂድ ይላል። ምክንያቱም የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሚሊግራሞች ከመጀመሪያዎቹ የበለጠ ጉልበት አላቸው። ከ50 ወደ 40 መውረድ የማይሰማው ሰው ከ10 ወደ ዜሮ ሲወርድ ሊንገዳገድ ይችላል።

እናታችን እንዴት ወረደች? ያቺ ፋርማሲስት ወደ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ላከችን። ሐኪሙ ሲያናግራት ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም፤ ግን አናገራት። «እናቴ፣ እርስዎ ማቆም ይፈልጋሉ ወይስ ፈርተው ነው?» አላት። «ሁለቱንም ነው ልጄ» አለችው። ሳቀና መጀመሪያ ወደነበረችበት መጠን መለሳት። በሁለት ቀን ውስጥ ማቅለሽለሹም ላቡም ጠፋ። ይኸው ራሱ ማረጋገጫ ሆነ፤ ታይፎይድ ቢሆን ኖሮ በአሚትሪፕቲሊን አይድንም ነበር!

ከዚያ በኋላ ከሁለት ክኒን ወደ አንድ ተኩል፣ ወደ አንድ፣ ወደ ግማሽ ወረደች። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አራት አራት ሳምንት ቆየች። ክኒኑ መሰበር የሚችል መሆኑን ፋርማሲስቷ አይታ ፈቅዳለች። አንድ ጊዜ ማዞሩ ተመልሶ ሲመጣ ሐኪሙ «እዚያው ይቆዩ፤ የሚያሯሩጠን የለም» አለን። አሥር ቀን ተጨምሮ አለፈ። አሁን ምንም አትውጥም። እግሯ አንዳንድ ሌሊት ይለበልባታል፤ የድሮውን ያህል ግን አይደለም። ሌሊትም አልወደቀችም።

ይህ የእሷ መንገድ ነው። የእናንተ ይለያል፤ ሐኪም ይወስነው። ሆኖም ለማንም የሚሆኑ ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ አንድ ቀን ውጦ አንድ ቀን መዝለል መቀነስ አይደለም። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከፍ ዝቅ እያለ ጭራሽ ያምሳችኋል። በየቀኑ ትንሽ ያነሰ መዋጥ ነው መቀነስ ማለት።

ሁለተኛ፣ ሁሉም አይሰበርም። የዱሎክሴቲን ካፕሱል ውስጡ ያሉት ፍሬዎች ጨጓራ እንዳይፈጫቸው የተለበዱ ናቸውና አይደቆስም፣ አይታኘክም። ሳትጠይቁ ምላጭ አታንሱ።

ሦስተኛ፣ የመድኃኒቱ መቅረት ያመጣውንና የድሮው ሕመም መመለሱን ለዩ። በጥቂት ቀን ውስጥ የመጣ፣ ቀድሞ ያልነበረ ነገር (ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ንዝረት) ሲሆን የመጀመሪያውን ጠርጥሩ። ቀስ እያለ በሳምንታት የመጣ፣ ያው የድሮው ማቃጠል ከሆነ ሁለተኛውን።

አራተኛ፣ ድባቴ ያለበት ወይም የነበረበት፣ ሕይወቴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ የመጣበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ያለ ሐኪም አንዲት ፍሬ አይነኩም። ሐሳቡ የመጣበት ሰው ካለ ደግሞ ብቻውን አይተውት፤ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

አምስተኛ፣ ሕመሙ ቢመለስ ትራማዶል ከመንገድ ገዝታችሁ አትደርቡ። ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ሲጋጭ እስከ መንዘፍዘፍና ራስ እስከ መሳት ያደርሳል።

ስድስተኛ፣ የተረፈውን ክኒን ልጆች ከሚደርሱበት አርቁ፤ እንደ እናቴም ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት። አሚትሪፕቲሊን በዛ ብሎ ሲዋጥ ልብን የሚያቆም መርዝ ነው። ለጎረቤትም «እኔን ረድቶኛል» ብላችሁ አታካፍሉ።

ተጠያቂው ማነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሐኪሞቻችን «በር ላይ ያለውን ሰልፍ አላየህም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። አይቻለሁ። ሰልፉን ያመጡት እነሱ እንዳልሆኑም አውቃለሁ። ግን «ይህን በድንገት አያቁሙት፤ ማቆም ሲፈልጉ መጀመሪያ ይምጡ» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ከዚህ ጋዜጣ አንድ መስመር አይሞላም። እናቴ ለዚህች መስመር ዕጦት ያላትን ገንዘብ ለደም ምርመራ፣ ለማያስፈልጋት አንቲባዮቲክና ለኮንትራት ታክሲ ከፈለች።

«ብንነግራቸው ፈርተው አይጀምሩትም» የሚሉም አሉ። ይህ ሰውን መናቅ ነው። ያልተነገራት እናቴ መድኃኒቱ የምን እንደሆነ ከሐኪም ሳይሆን ከቡና ተርቲም ሰማች፤ የፈራችውም ያኔ ነው። ሐኪም ያልነገረውን ጎረቤት ይነግራል፤ ጎረቤት ሲናገር ደግሞ «የእብድ» ይላል እንጂ «የነርቭ» አይልም።

ፋርማሲዎችስ? መድኃኒቱ በመቀስ እየተቆረጠ በፌስታል ይሰጣል። ማብራሪያ ወረቀቱ ካርቶኑ ውስጥ ይቀራል፤ ቢሰጠንም በእንግሊዝኛና በጉንዳን ፊደል የተጻፈ ነው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለ ሕገወጥ መድኃኒት ሲያስጠነቅቅ እንሰማለን፤ ደግ ነው። ሕጋዊው መድኃኒትስ የሚውጠው ሰው በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም፣ ሦስት መስመር እንዲለጠፍበት ማዘዝ የሚያቅተው ለምንድነው? «ለምን እንደታዘዘ፤ እስከ መቼ፤ በድንገት አይቆምም።» ይኸው ነው ጥያቄያችን።

በመጨረሻም አቅርቦቱ አለ። አብዛኛው መድኃኒታችን በዶላር የሚገባ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመድኃኒት ዋጋ የት እንደደረሰ መስኮት ላይ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ገንዘብ ያጠረው ሰው ክኒን ያቆማል። መድኃኒቱ «የለም፣ ሌላ ቦታ ይሞክሩ» የተባለም ያቆማል። ይህን ሰው ቀስ ብለህ አቁም ማለት ቀልድ ነው፤ ያስቆመው መደርደሪያው ነዋ! የመንግሥት የመድኃኒት አቅርቦት መሥሪያ ቤት እነዚህን ርካሽ ክኒኖች «ለጊዜው የሉም» ሲል፣ በየቤቱ ስንት ሰው በግንባሩ እንደሚደፋ ያስብበት። እስከዚያው ግን አንባቢ ሆይ፣ የመጨረሻዋ ፍሬ ላይ ደርሰህ ፋርማሲ አትሩጥ። ሁለት ሳምንት ሲቀርህ ፍለጋ ጀምር። መጥፋቱን ካየህ በቀረችህ እየቀነስክ ለመውረድ ጊዜ ይኖርሃልና ሐኪምህን አማክር።

ጎረቤታችን አሁንም ቡና ትመጣለች። ባለፈው እናቴ ራሷ ጀመረችላት። «ያ መድኃኒት የእብድ አይደለም፤ የእግር ነው» አለቻት። ጎረቤታችን ዝም ብላ ቆየችና፣ «የእህቴ ልጅም እኮ ባለፈው ድንገት አቁሞ ነው የታመመው፤ እኛ ተመልሶ ለቀቀበት ብለን ጠበል ወሰድነው» አለች። ሁለቱም ሲኒያቸውን ይዘው ተያዩ።

መጀመሩን የነገራችሁን እናንተ ናችሁ። ማቆሙንም ንገሩን።